ክብሪቱና ነጩ ዱቄት

ነገሩ የሆነው አምስት ኪሎ ነው። ቀኑ ዓርብ፣ ሰዓቱም ዐሥራ አንድ ተኩል ግድም ነበረ። የታክሲ ረዳቶች «ስድስት ኪሎ፣ ሽሮ ሜዳ!» እያሉ የሚጣሩበት፣ ተማሪው ከግቢው፣ ሠራተኛው ከቢሮው ወጥቶ መንገዱን የሚሞላበት ሰዓት ነው። እኔ በዚያን ጊዜ የሦስተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነበርሁ። ከአደባባዩ ብዙ ከማይርቅ ላቦራቶሪ ወጥቼ፣ ነጭ ጋዋኔን በክንዴ ላይ ጣል አድርጌ፣ በሠራሁት ሥራ ልቤ ሞልቶ ቁልቁል ወደ አራት ኪሎ እወርድ ነበር።

ከፊቴ አንድ ወጣት ይሄዳል። ዕድሜው ከእኔ አይበልጥም፤ ሁለት ደብተር በብብቱ ሥር ይዟል። በድንገት አንድ ጩኸት ጮኸና እንደ ተቈረጠ ዛፍ ወደቀ። ደብተሮቹ ተበተኑ። መላ አካላቱ ይንዘፈዘፍ ጀመር፤ አፉም አረፋ ደፈቀ። ወዲያው ሰው ከበበው። አንዱ «አትንኩት፣ ይጋባል!» ይላል። ሌላው «ከለሀጩ ራቁ!» ይላል። አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ ኋላ ወርውረው «ኧረ የክብሪት ያለህ! ልጁን ክብሪት አሽቱት!» እያሉ ጮኹ።

እኔስ ምን አደረግሁ? የላቦራቶሪውን ምድጃ የምለኩስበት ክብሪት በኪሴ ነበረ። ሦስት እንጨት አንድ ላይ ጫርሁና አጥፍቼ ጢሱን ከአፍንጫው ሥር ያዝሁለት። እናትየዋም «ተባረክ የኔ ልጅ» አሉኝ።

አንባቢ ሆይ፣ «በዚህ ውስጥ ምን የሚያስደንቅ ነገር አለ? ክብሪት ማሽተት እንደ ሆነ አባቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩት ነው» ትል ይሆናል። የሚያስደንቀውስ ይህ ነው፤ በዚያው ዓርብ፣ ወጣቱ ከመውደቁ ከሁለት ሰዓት በፊት፣ ለዚሁ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠውን መድኃኒት በገዛ እጄ ሠርቼ፣ በሚዛን መዝኜ፣ በደብተሬ ጽፌ መውጣቴ ነበር። መድኃኒቱን መሥራት ዐውቃለሁ፤ በሽተኛው ሲወድቅ ምን እንደሚደረግለት ግን አላውቅም። ትምህርቴን ጨርሼ የደመወዝ ሰው ከሆንሁ በኋላም ያች ክብሪት ትዝ ስትለኝ አፍራለሁ። ስለዚህ በዚህ እሑድ የነጩን ዱቄትና የክብሪቱን ታሪክ አንድ ላይ ላጫውታችሁ ፈልጌአለሁ።

ከአልሞንድ ሽታ እስከ ነጭ ዱቄት

የመድኃኒቱ ስም ፌኒቶይን ይባላል። በብዙ አገር የኬሚስትሪ ተማሪ እጁን ከሚያፍታታባቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ምክንያቱም አንድን ሽታው የሚያውድ ፈሳሽ በሦስት እርምጃ ብቻ ሐኪም በወረቀት ጽፎ ከሚያዝዘው ነገር ላይ ያደርሳል።

መነሻው ቤንዛልዲሃይድ ነው። ዘይት የመሰለ ፈሳሽ ሲሆን ሽታው ኬክ ቤት ደጃፍ ላይ የሚያቆመን የአልሞንድ ሽታ ነው። የመጀመሪያው እርምጃ ሁለት የቤንዛልዲሃይድ ሞሌኩሎችን አጋብቶ ቤንዞይን የተባለውን ነጭ ክሪስታል ማግኘት ነው። ይህን ጋብቻ የጀርመን ሊቃውንት ቮለርና ሊቢሽ በ1832 (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ገልጸውታል። በቀድሞው ዘመን ሽማግሌ ሆኖ የሚያጋባው ካታሊስት ሲያናይድ የተባለው ብርቱ መርዝ ነበረ። ዛሬ በትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ሲያናይድን የተካው ከጤፍና ከጥራጥሬ የምናገኘው ቪታሚን ቢ 1፣ ማለት ታያሚን ነው። የመርዝን ሥራ ቪታሚን ሲሠራው ማየት ለእኔ የመጀመሪያው ግርምት ሆነ።

ታያሚን ግን ቅምጥል ነው፤ ሙቀት አይወድም። በውሃና በአልኮል አሟምተን፣ በበረዶ አቀዝቅዘን፣ የሶዳውን ውሃ ጠብ ጠብ እያደረግን ጨመርንበት። ፈሳሹ ቢጫ ሆነ። ቀጥሎ ቤንዛልዲሃይዱን አፈሰስንና ዘግተን በቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥነው። ከሁለት ቀን በኋላ ክሪስታል እንጠብቅ ነበረና ልንከፍት ሄድን። ምንም የለም። አንዲት ቅንጣት እንኳ አልታየችም።

የዕቃ ቤቱን ሰው ጋሼን ጠራናቸው። ጋሼ የኬሚስትሪ ዲግሪ የላቸውም፤ ነገር ግን ብዙ ዲግሪ ያለው ሰው ሲሳሳት ቆመው አይተዋል። ፍላስኩን ትተው የቤንዛልዲሃይዱን ጠርሙስ አነሡና አንገቱን በጣታቸው አበሱት። ጣታቸው ላይ ነጭ ቅርፊት ቀረ።

«ይህን አየኸው ልጄ?»

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«ቤንዞይክ አሲድ ነዋ። ጠርሙሱ ከአንተ ዕድሜ አያንስም። አየር እየሳበ ተበላሽቷል። እናንተ የሽታውን ማማር ነው እንጂ የአፉን ነጭ አላያችሁም።»

አዲስ ጠርሙስ ሰጡንና እንደ ገና ጀመርን። በዚህኛው ጊዜ የፍላስኩ ሆድ በነጭ ክሪስታል ሞልቶ አገኘነው።

ሁለተኛው እርምጃ የሚያስፈራው ነው። ቤንዞይኑ ከብርቱ ናይትሪክ አሲድ ጋራ ይሞቃል። ከፍላስኩም ቡናማ ጢስ ይወጣል፤ ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ ስለ ሆነ ሥራው የሚሠራው ጢሱን ወደ ውጭ በሚስብ የመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ መነጽርና ጓንት አድርጎ፣ መምህር ቆሞ እያየ ነው። ጢሱ ሲያበቃ ፈሳሹ በቀዝቃዛ ውሃ ላይ ይፈስሳል፤ ያን ጊዜ ቤንዚል የተባለው ቢጫ ነገር ይወርዳል። ከአልኮል ውስጥ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ እንደ አደይ አበባ ቢጫ የሆነ መርፌ መሳይ ክሪስታል ይሆናል።

ሦስተኛው እርምጃ ቤንዚሉን ከዩሪያ ጋራ ማገናኘት ነው። ገበሬያችን በማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያ፣ ያው ራሱ ነው። ሁለቱ በአልኮልና በሶዳ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ያህል ሲፈሉ፣ አንደኛው የቤንዚን ቀለበት ከነበረበት ካርቦን ተነሥቶ ወደ ጎረቤቱ ካርቦን ይሰደዳል። ሁለቱም ቀለበቶች በአንድ ካርቦን ላይ ይሰፍራሉ። የመድኃኒቱ ጠባይ የሚመጣው ከዚህ ስደት ነው። ከዚያ ፈሳሹ ይጣራል፤ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ሲደረግበትም እንደ ወተት ይነጣና ዱቄት ይወርዳል። ያ ዱቄት ፌኒቶይን ነው። ታጥቦና ደርቆ ወደ 300 ዲግሪ እስኪጠጋ ድረስ አይቀልጥም።

የእኛ ዱቄት በሚዛን ሦስት ግራም ግድም ሆነ። አንድ አዋቂ በሽተኛ ብዙ ጊዜ በቀን 300 ሚሊግራም ይታዘዝለታል። እንግዲህ በእጄ የያዝሁት የአንድ ሰው የዐሥር ቀን መድኃኒት መሆኑ ነው ብዬ በኩራት ለመምህራችን ነገርኋቸው። እሳቸውም ቁጥሩን ጻፉና ዱቄቱን ወደ ኬሚካል ማስወገጃው ዕቃ እንድገለብጠው አዘዙ።

«ይህ ፌኒቶይን ነው፤ መድኃኒት ግን አይደለም» አሉ።

ያን ጊዜ ቃላቸው አልገባኝም። የገባኝ ከብዙ ንባብ በኋላ ነው።

ሠላሳ ዓመት በጠርሙስ ውስጥ

ይህን ዱቄት መጀመሪያ የሠራው ሃይንሪሽ ቢልትስ የተባለ የጀርመን ኬሚስት ነው፤ ዘመኑም 1908 ነበረ። ቢልትስ የቤንዚልንና የዩሪያን ኬሚስትሪ ይመረምር ነበር እንጂ ስለሚጥል በሽታ አላሰበም። ሠራው፣ ጻፈው፣ አለፈው።

በዚያን ዘመን በሽተኞች ምን ነበራቸው? ከ1857 ጀምሮ የእንግሊዙ ሐኪም ቻርልስ ሎኮክ ያስተዋወቀው ብሮማይድ የተባለው ጨው ነበረ። መውደቁን ይቀንሳል፤ ነገር ግን አእምሮን ያደነዝዛል። በ1912 ደግሞ አልፍሬድ ሃውፕትማን የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም ለእንቅልፍ የተሠራውን ፌኖባርቢታል ለሚወድቁት ሕሙማን ቢሰጣቸው መውደቃቸው መቀነሱን አየ። ይህ መድኃኒት ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ዛሬም በአገራችን ጤና ጣቢያዎች ከሌሎቹ ይልቅ የሚታዘዘው እሱ ነው፤ ዋጋውም ርካሽ ነው።

ከዚህ የተነሣ ሐኪሞቹ ሁሉ አንድ ነገር አመኑ። የሚጥል በሽታን የሚያግድ መድኃኒት የግድ የሚያስተኛ መሆን አለበት አሉ። ፌኒቶይን ግን አያስተኛም። ስለዚህ ፓርክ ዴቪስ የተባለው የአሜሪካ መድኃኒት ፋብሪካ ዱቄቱን በእጁ ይዞ ሳለ፣ የማያስተኛ ከሆነ ምን ይረባል ተብሎ ወደ መደርደሪያ ተመለሰ።

በመጨረሻ ትሬሲ ፐትናምና ሂውስተን ሜሪት የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በቦስተን ከተማ ሆስፒታል ሌላ ጥያቄ ጠየቁ። «እንቅልፍ ያመጣል ወይ?» ማለቱን ትተው «መንዘፍዘፉን ይከለክላል ወይ?» አሉ። ድመቶችን በተመጠነ ኤሌክትሪክ እየነኩ፣ ከእያንዳንዱ መድኃኒት በኋላ የሚያንዘፈዝፋቸው የኤሌክትሪክ መጠን ምን ያህል ከፍ እንደሚል ለኩ። ከመደርደሪያው የመጣው ነጭ ዱቄት ድመቶቹን ሳያስተኛ ጠበቃቸው። በ1938 ለሕሙማን መስጠታቸውን በጽሑፍ አስታወቁ። እንግዲህ ቢልትስ ከሠራው እስከዚያ ድረስ ሠላሳ ዓመት ነው። በእነዚህ ሠላሳ ዓመታት ውስጥ ስንት ሰው በእሳትና በውሃ ላይ ወደቀ? ዱቄቱ ነበረ፤ የጎደለው ትክክለኛውን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ነበረ።

ሥራውንም በአጭሩ ልንገራችሁ። አንጎላችን በነርቮች መካከል በሚተላለፍ ደካማ ኤሌክትሪክ ይሠራል። የሚጥል በሽታ የሚባለው ብዙ ነርቮች በአንድ ጊዜ ያለ ልክ ሲተኩሱ የሚሆነው ነው። ፌኒቶይን ሶዲየም የሚገባበትን የነርቭ በር ይይዝና የተኮሰው ነርቭ ቶሎ ቶሎ ደግሞ እንዳይተኩስ ያደርገዋል። የተለመደውን ሥራ አያቆምም፤ ማዕበሉን ነው የሚገታው።

የጄሶውና የወተት ስኳሩ ነገር

መምህራችን «መድኃኒት አይደለም» ያሉትን የሚያስረዳ ከአውስትራሊያ የተገኘ ታሪክ አለ። በ1968 በዚያ አገር ፌኒቶይን ለብዙ ጊዜ ሲወስዱ የኖሩ ሕሙማን በድንገት እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዱ፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርገው ያዩ ጀመር። የታዘዘላቸው መጠን አልተለወጠም። ቢመረመር ጥፋቱ የተገኘው ከመድኃኒቱ ሳይሆን ከመሙያው ነው። ፋብሪካው በካፕሱሉ ውስጥ ይጨምር የነበረውን ካልሲየም ሰልፌት፣ ማለት የጄሶን ዘር፣ ትቶ በምትኩ የወተት ስኳር አድርጎ ነበር። ጄሶው መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ በከፊል ይይዘው ኖሯል፤ የወተት ስኳሩ ግን ለቀቀው። በዚህ የተነሣ ደማቸው ውስጥ ያለው መጠን ከልክ አለፈ።

ፌኒቶይን ልኩ ጠባብ የሆነ መድኃኒት ነው። ጥቂት ሲያንስ በሽታው ይመለሳል፤ ጥቂት ሲበዛ ይመርዛል። ድድ ያሳብጣል፤ ለነፍሰ ጡርም ያሠጋል። እንግዲህ የተማሪ ዱቄት፣ ቆሻሻው ያልተለየ፣ መጠኑ ያልተመጠነ፣ እንዴት ለሰው ይሰጣል? ከፍላስኩ እስከ በሽተኛው አፍ ድረስ ያለው መንገድ ከሦስቱ እርምጃዎች ይልቅ ይረዝማል። የሚያጠራ፣ የሚመዝን፣ ኪኒን የሚቀርጽ፣ የሚመረምር፣ የሚያጓጉዝ፣ የሚያዝዝ፣ የሚያድል ሰው ይፈልጋል።

በአገራችንም ቢሆን ኢፋርም ከተመሠረተበት ከ1964 ጀምሮ የመድኃኒት ፋብሪካ አለን፤ ከዚያም ወዲህ ሌሎች ተጨምረዋል። ነገር ግን ዋናው ዱቄት በአብዛኛው ከውጭ አገር ይመጣል፤ እዚህ የሚሆነው ኪኒን መቅረጽና ማሸግ ነው። ለኬሚስትሪ ተማሪዎች ይህ የቤት ሥራ ነው።

ከቡታጅራ የመጣው ቁጥር

ነገሩ ከፋብሪካም ያልፋል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ከቤት ወደ ቤት እየተዘዋወሩ ያካሄዱትን ጥናት በ1990 አሳትመዋል። 60,820 ሰዎች ተመዝግበው የሚጥል በሽታ ያለባቸው 316 ተገኙ፤ ከሺሁ አምስት ሰው ያህል መሆኑ ነው። ከእነዚህ ውስጥ የታወቀ የሕክምና መድኃኒት ያገኙት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። የቀሩት ጠበል፣ ክታብና ቅጠላ ቅጠል ይዘው የኖሩ ናቸው።

ይህን ስል ጠበሉን ለማቃለል አይደለም። ጠበልና ኪኒን ተጣልተው አያውቁም፤ ያጣሏቸው ሰዎች ናቸው። የሚያምነው በእምነቱ ይጸልይ፣ ይጠመቅ፤ ኪኒኑን ግን አይተው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም 50 ሚሊዮን የሚያህል ሰው ይህ በሽታ አለበት፤ በትክክል ተመርምረው ቢታከሙ ከመቶው ሰባ የሚያህሉት ሳይወድቁ ሊኖሩ ይችላሉ። ከመቶ ሰባው ሊማር፣ ሊሠራ፣ ሊያገባ ይችላል ማለት ነው። የኛ ሰው ግን ልጁ የወደቀበት እንደ ሆነ ከሐኪም በፊት ከጎረቤት ይደብቃል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት የምንተርተው እኛው፣ የምንደብቀውም እኛው ነን።

ልጁ ሲነቃ

አሁን ወደ አምስት ኪሎ ልመልሳችሁ። ያ ወጣት ሁለት ሦስት ደቂቃ ያህል ተንዘፍዝፎ ተወው። እናትየዋ «ክብሪቱ አዳነው» አሉ። ክብሪቱ ግን አላዳነውም፤ እንዲህ ያለው መንዘፍዘፍ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በራሱ የሚቆም ነው። እኔ ያደረግሁለት ነገር ቢኖር መተንፈስ ለቸገረው ሰው የድኝ ጢስ መስጠት ነው።

ደብተሮቹን ሰብስቤ ግንቡ ሥር አስቀመጥሁት። ሰው ተበተነ። ልጁ ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ጉዳቱ አልነበረም።

«ብዙ ሰው አየኝ?» አለኝ።

«ብዙም አይደል» ብዬ ዋሸሁት።

ትንሽ ዝም አለና በኪሱ ያለውን ባዶ የኪኒን ብልቃጥ አሳየኝ። መድኃኒቱን በየቀኑ የሚወስድ ሰው ነው። ለሰባት ወር አልወደቀም ነበር። ከአራት ቀን በፊት አለቀበትና ወደሚወስድበት ቤት ቢሄድ «አልመጣም፣ ሰኞ ተመለስ» ተባለ። ሰኞ ሳይደርስ ዓርብ ወደቀ። ይህን መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ከበፊቱ የከፋ መንዘፍዘፍ፣ አንዳንዴም ሞት የሚያመጣ መሆኑን ኋላ ነው ያወቅሁት።

አስቡት። እኔ በዚያ ቀን የዐሥር ቀን ዱቄት ሠርቼ ገለበጥሁ፤ እሱ የአራት ቀን ኪኒን አጥቶ ወደቀ። የእኔን ዱቄት ብሰጠው ወንጀል ይሆን ነበር። የእሱን ኪኒን በጊዜው ያላደረሰለትስ ሰው ምን ይባላል? ምናልባት ከአንድ ጠረጴዛ ላይ የመድኃኒት መጠየቂያ ቅጽ ፊርማ ሲጠብቅ ሰንብቶ ይሆናል። ምናልባት ፈራሚው ስብሰባ ነበረበት። እንደ እኔው ትናንት ከትምህርት ቤት ወጥታችሁ ዛሬ ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ ወጣቶች፣ በፊታችሁ የተከመረው ወረቀት ሁሉ ወረቀት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንዳንዱ የአንድ ሰው ሰባት ወር ነው።

ለተማሪዎች ደግሞ የምነግራችሁ እኔ በጊዜው ያላወቅሁትን ነው። ሰው ሲወድቅ ብታዩ ድንጋዩንና ስለቱን ከአጠገቡ አርቁ፤ ከራሱ ሥር ጋቢ ወይም ጃኬት አኑሩ፤ የአንገቱን ቁልፍ ፍቱለት፤ መንዘፍዘፉ ሲበርድ በጎኑ አስተኙት። በጉልበት አትያዙት። በአፉ ውስጥ ጣትም፣ ማንኪያም፣ ውሃም አታግቡ። ሰዓታችሁን እዩ፤ አምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት። ለሀጩን አትፍሩ፤ በሽታው አይጋባም። ተመልካቹንም በትኑለት፤ ሲነቃ መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነውና።

እኔና ያ ወጣት ከዚያ ወዲህ አንዳንዴ እንገናኛለን። ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ መሥሪያ ቤቱ እንዳያውቅ ይፈራል። በሽታውን ኪኒኑ ይዞለታል፤ ፍርሃቱን ግን የሚይዝለት ዱቄት በሦስት እርምጃም በሠላሳም ከፍላስክ አይወጣም። ያን የምንሠራለት እኛ ነን። እስከዚያው ክብሪታችንን ለምድጃው እንተውለት።